የሥነ ጽሑፍና ሥዕል ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሱፐርማን ከየት መጣ?

ክበባችን እንደ ወትሮው በሰልፍ ሰዓት ግጥም አቅርቧል፣ የግድግዳ ጋዜጣም አውጥቷል። ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት የያዘው ግን የዘጠነኛ ክፍል ሠዓሊዎቻችን ያመጡት፣ በኮሚክ (በሥዕል በሚተረክ መጽሔት) የተወለደው ጀግና የሱፐርማን ጥናት ነው። እኔ ያከልሁት አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነበር፦ ስለ ፊልሞቹ ማውራት ክልክል፤ የምናጠናው የመጀመሪያውን ኮሚክ ነው።

ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር በአሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ፣ በግሌንቪል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተገናኙ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ናቸው። ሲገል በትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ይህን ስናገር የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጆቻችን ቀና ቀና አሉ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1933 ራሳቸው አባዝተው ባወጡት ትንሽ መጽሔት ላይ የታየው የመጀመሪያው «ሱፐርማን» ጀግና አልነበረም። የሰው ሐሳብ ማንበብ ሲችል ዓለምን ልግዛ ያለ ክፉ ሰው ነበር። ገጸ ባሕርዩን ወደ በጎ ከለወጡትም በኋላ አሳታሚ ፍለጋ ዓመታት ፈጀባቸው።

በመጨረሻ በ1938 በአክሽን ኮሚክስ አንደኛ ቁጥር ወጣ፤ የመጽሔቱ ዋጋ 10 ሳንቲም። የልደቱ ታሪክ የያዘው አንድ ገጽ ብቻ ነው። አንድ ፕላኔት አርጅቶ ይጠፋል፤ ሳይንቲስቱ አባት ሕፃኑን በጥድፊያ በሠራው መንኮራኩር ወደ ምድር ይልከዋል፤ መንገደኛ አሽከርካሪ አግኝቶት ለሕፃናት ማሳደጊያ ይሰጠዋል። በቃ! ክሪፕተን የሚለው የፕላኔቱ ስም የለም፣ አሳዳጊዎቹ ኬንቶች የሉም። መብረርም አይችልም፤ 200 ሜትር ያህል ይዘላል እንጂ። ጉልበቱን የሚያዳክመው ድንጋይ፣ ክሪፕቶናይት፣ ደግሞ በ1943 ከሬዲዮ ድራማ የመጣ ነው። በእኔ ሚዛን ይህ ስስ ገጽ በኋላ ከተደረቡበት ታሪኮች ሁሉ ይበልጣል።

እዚያው ገጽ ላይ ለጉልበቱ «ሳይንሳዊ ማብራሪያ» አለ፦ ጉንዳን የክብደቷን ብዙ እጥፍ ትሸከማለች፣ ፌንጣም ከቁመቱ በላይ ርቆ ይዘላል። የፊዚክስ መምህሩን ጋብዘን ይህን አስመረመርን። ጉንዳን ቁመቷ 10 እጥፍ ቢያድግ የጡንቻዋ ጉልበት 100 እጥፍ፣ ክብደቷ ግን 1000 እጥፍ ይሆናል፤ ሰው ብታክል የራሷን ገላ መሸከም ያቅታታል። ልጆቹ ከዚያ በኋላ «ቲቸር፣ እንግዲያው ማን አመናቸው?» ብለው ሳቁ።

ያልሳቁት ስለ ውሉ ሲሰሙ ነው። ሁለቱ ወጣቶች የሱፐርማንን ሙሉ መብት ለአሳታሚው ኩባንያ የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። ኩባንያው ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ ሊከፍልና የፈጣሪነት ስማቸውን ሊመልስ የተስማማው በ1975 ነው፤ ያኔ ሁለቱም ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። «ለምን ፈረሙ?» የሚለው ክርክር ሁለት የክበብ ሰዓት ወሰደ። «ምግብ ያስፈልጋቸው ነበራ» ያለችው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ብዙ ደጋፊ አገኘች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ፤ ግን ተቃዋሚዎቿ ውል አንብቦ መፈረምን ማንሣታቸው አስደስቶኛል።

የዓመቱ ማጠቃለያ ሥራ የራስን ጀግና ልደት በአንድ ገጽ መሣል ነበር። አብዛኞቹ ፍንዳታና መብረቅ አበዙ። የወደድሁት ገጽ ጀግና ሰው የረሳውን ነገር ብቻ ማስታወስ ትችላለች፤ ሌላ ኃይል የላትም፤ መንደርተኛው ሁሉ ግን ይፈራታል። ሥዕሎቹ በቤተ መጻሕፍታችን መግቢያ ተሰቅለዋል። በመስከረም ለሚመዘገቡ አባላት ወፍራም ወረቀትና ጥቁር ቀለም ስለሚያስፈልግ፣ መርዳት የሚችል ወላጅ በክፍል ኃላፊ መምህራን በኩል ያሳውቀን።