የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ፦ ድምፁ ያነሰው ማዳመጫ

ዘንድሮ ክበባችን ከመስከረም እስከ ሰኔ ሥራ አልፈታም። የፀሐይ ምድጃውንና የዝናብ መለኪያውን በሳይንስ ቀን አይታችኋቸዋል። ስለዚህ እዚህ የተሰጠኝን ቦታ ለአንድ ነገር ብቻ ላውለው፤ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስለሠራነው ትንሽ አምፕሊፋየር።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። ውጭ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ለሚኒ ሚዲያ የስቱዲዮ ማዳመጫ ላከ። ቤየርዳይናሚክ የተባለው የጀርመን ድርጅት የሚሠራው ዲቲ 770 ፕሮ ነው። ልጆቹ በደስታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። ድምፁን እስከ መጨረሻው ቢከፍቱትም የጎረቤት ቤት ሬድዮ ይመስል ነበር። ቅጂዎቹን የምታስተካክለው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ይዛው መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። «ቲቸር፣ ተበላሽቶ ነው የመጣው» አለችኝ።

ካርቶኑን አገላብጠን አየነው። 250 ኦም ይላል፤ ኦም ከረንትን የመቋቋም መለኪያ ነው። ይኸው ሞዴል በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሠራል፤ እኛ ጋ የደረሰው ባለ 250ው ነው። በቴስተር ስንለካው ከዚያ ብዙም አልራቀም። ልጅቷ ሁልጊዜ የምትጠቀምበት ተራ ማዳመጫ ደግሞ 32 አካባቢ ሆነ።

ቀጥሎ ላፕቶፑን ለካን። ተራ ቴስተር ቀጭን ድምፅ ላይ ስለማይታመን 50 ኸርዝ የሆነ ወፍራም ድምፅ አጫወትን። እስከ ጥግ ተከፍቶ የሰጠን 0.6 ቮልት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ውስጥ የተማርነው ነው፤ ቮልቱን በራሱ አባዝቶ ለኦሙ ማካፈል፤ የሚገኘው ኃይሉ ነው፣ በዋት። ለ32 ኦሙ 11 ሚሊዋት ይደርሰዋል። ለ250ው ግን 1.4 ብቻ። ልጅቷ ሁለቱን ቁጥሮች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፈችና ቾኩን እንደያዘች ቆመች። የዓመቱ ምርጥ ክፍለ ጊዜዬ ያ ነበር።

ብዙ ሰው «ይሄ ማዳመጫ ኃይል ይበላል» ይላል። እኔ እንዲህ ባይባል እመርጣለሁ። የሚፈልገው ከፍ ያለ ቮልት ነው እንጂ የሚስበው ከረንት ትንሽ ነው። ማዳመጫው ውስጥ ያለው ጥቅልል ሽቦ በጣም ቀጭን ነው፤ ኦሙም የበዛው ለዚህ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ብዙ ማዳመጫ ከአንድ አምፕ ላይ ሲሰካም አምፑን አያስጨንቀውም።

መርካቶ ወርደን ድምፅ የሚያጎላውን ኤንኢ5532 የሚባል አይሲ (ትንሽ ቺፕ) ገዛን። ሬዚስተርና ካፓሲተር ከሞቱ ቴፖች ፈታን። ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ በተከታታይ አስረን መሃላቸውን መሬት፣ ማለትም የሰርኪዩቱ ዜሮ ቮልት፣ አደረግነው። ባትሪ የመረጥነው መብራት ሲጠፋም እንዲሠራና የቻርጀር ጩኸት እንዳይገባበት ብለን ነው። ቤቱ የፕላስቲክ የሳሙና ማስቀመጫ ነው።

የመጀመሪያው አልሆነልንም። ድምፁን 11 እጥፍ እንዲያሳድግ አድርገን ሠራነው። ቮሊዩሙ ገና ሲነካ ይጮሃል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ በግራ ጆሮ ብቻ ይሰማል። እስከ መጨረሻው ሲከፈት ይሰነጠቃል። 0.6 በ11 ሲባዛ 6.6 ቮልት ነው፤ ቴስተር የሚያሳየው እንደ አማካይ ያለ ቁጥር ስለሆነ የሞገዱ ጫፍ ግን ከ9 ያልፋል። ባትሪው ያን አይሰጥም። እድገቱን የሚወስነውን ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አውጥተን በ2 ኪሎ ተካነው። እድገቱ 3 እጥፍ ሆነ። አሁን 1.8 ቮልት፣ ማለትም 13 ሚሊዋት ያህል ይወጣል። ይህ ለጆሮ ከበቂ በላይ ስለሆነ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ቮሊዩሙ ዜሮ ላይ ሳይሆን ማንም ጆሮው ላይ አያደርግም።

ግንቦት ላይ ልጆቹ የእቃ ቤቱን አሮጌ አምፕ ሞከሩ። ከማዳመጫ ጃኩ በፊት 330 ኦም ሬዚስተር አለው፤ የመውጫው ኦም የምንለው ይህን ነው። በ250ው ደህና ነበር፤ በ32ቱ ግን ድምፁ ደከመ፣ ቤዙም ተዝረከረከ። የአምፑ መውጫ ኦም ከማዳመጫው ኦም አንድ ስምንተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው። የእኛው ሳጥን መውጫ ዜሮ ሊባል የሚችል ስለሆነ ሁለቱንም ያጫውታል።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሳጥኑን ለሚኒ ሚዲያ አስረከብን። ልጅቷ የዘበኛችንን ቃለ መጠይቅ ከፍታ አዳመጠች። ትንሽ ቆይታ እጇን አነሳች። ከጋሼ ድምፅ ኋላ የግቢው ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ላፕቶፑ ላይ አሥር ጊዜ ሰምተነው ማናችንም አላስተዋልነውም። በማግስቱ ቧንቧውን አጥብቃ ዘጋችና ቃለ መጠይቁን እንደገና ቀዳች።