ወደ ኩበር ፒዲ ከመነሳትሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

ከአዴላይድ እስከ አውስትራሊያዋ የኦፓል ማዕድን ከተማ ኩበር ፒዲ ልትነዱ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። አስቀድሜ የምለምንሽ አንድ ነገር አለ፤ እዚያ ስትደርሺ የምትረግጪውን ሳታዪ አንዲት እርምጃ እንዳትራመጂ። ፎቶ ለማንሳት ብለሽ ወደ ኋላ ማፈግፈግማ ፈጽሞ አይሆንም። ኦፓል የሚባለውን ባለብዙ ቀለም የከበረ ድንጋይ ፈላጊዎች የቆፈሯቸው ጉድጓዶች በከተማዋ ዙሪያ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀርተዋል። የአፋቸው ስፋት 1 ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀታቸው 30 ሜትር የሚደርስ አለ። ከሩቅ የሚታይሽ ነጩ የአፈር ቁልል ነው፤ ጉድጓዱ ከቁልሉ ጎን፣ ያለ አጥር ነው። ጠርዙ ስለሚናድ ጠጋ ብለሽ ቁልቁል ልይ እንዳትዪ።

መንገዱ 846 ኪሎ ሜትር ነው። በመንገዱ ላይ ያለችውን ትንሿን መንደር ግሌንዳምቦን ካለፋችሁ በኋላ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ማደያ አታገኙም፤ ስልክም በአብዛኛው አይሠራም። ነዳጅ ሙሉ፣ የስኮርታውን ጎማ ነፋስ አስለኩ፣ ውሃ በጀሪካን ያዙ። ካንጋሩና ከብት መንገድ ላይ የሚወጡት ሲመሽ ስለሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቡ።

ከተማዋን የፈጠራት ውሃ ፍለጋ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1915 ወርቅ ሊፈልጉ የወጡ ሰዎች ውሃ አልቆባቸው ሳለ፣ የ14 ዓመቱ ዊሊ ሃቺሰን ውሃ ሊፈልግ ወጥቶ ኦፓል አገኘ። ስሟም ከአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ከአቦሪጂኖች፣ ቋንቋ «ኩፓ ፒቲ» ከሚለው የመጣ ነው፤ «የነጭ ሰው ጉድጓድ» ማለት ነው ይባላል።

ሰው እዚያ መሬት ውስጥ የሚኖረው ለመታየት ብሎ አይደለም። በጋ ላይ ውጭው ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ኮረብታ ተፈልፍሎ የተሠራው ቤት ዓመቱን ሙሉ 24 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮረብታ አናት ላይ ብቻቸውን የቆሙ ቧንቧዎች ካየሽ ከሥራቸው ሳሎንና መኝታ ቤት አለ፤ ቤቱ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው።

የሰርቦቹን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሳታዪ እንዳትመለሺ። ላሊበላን ለምታውቅ ልጅ ይህን መንገር አያስፈልግም ነበር፤ ልዩነቱ ግን ይገርማል። ላሊበላ ከላይ ወደ ታች በእጅ ተፈለፈለ፤ ይህኛው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ከጎን በማሽን ነው የተቦረቦረው። ግድግዳው ላይ የቅዱሳን ምስል ተቀርጿል። ቀና ብለሽ ጣሪያውን እዪ፤ የማሽኑ ጥርስ የፋቀው ክብ ክብ መስመር እዚያው አለ።

ብሬካዌይስ የሚባሉት ባለቀለም ኮረብቶች ያሉበት ቦታ ከከተማው በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመግቢያ ፈቃዱን ከከተማ ያዙ፤ የኮረብቶቹ ቀለም ደምቆ የሚወጣው አመሻሽ ላይ ነው። ዝናብ ከጣለ የአፈር መንገዱ ስለሚዘጋ ጠይቃችሁ ውጡ።

ኦፓል የምትገዢ ከሆነ ድንጋዩን በጎኑ እዪው። ቀለሙ ከጥቁሩ ጀርባ ጋር በቀጥ ያለ መስመር ከተለየ በሙጫ የተጣበቀ ሁለት ንብርብር ነው፤ ከላይም ብርጭቆ የመሰለ ሽፋን ካለው ሦስት ንብርብር ነው። ሁለቱም ቢሆኑ ከሙሉ ድንጋይ እኩል ዋጋ አያወጡም፤ ውሃ ውስጥ ከሰነበቱም ሙጫቸው ይለቃል። የወሎው የደላንታ ኦፓል ደግሞ ራሱ ውሃ ይጠጣል፤ ሲነከር ቀለሙ ደብዝዞ እንደ መስታወት ሊያሳልፍ ይችላል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። የኩበር ፒዲው እንዲህ አያደርግም። ሁለቱን በአንድ ዓይን እንዳትመዝኚ።

ራስሽ መልቀም ካማረሽ ለሕዝብ በተፈቀደው ቦታ ብቻ የአፈሩን ቁልል ፈትሺ፤ «ኑድሊንግ» ይሉታል። ወንፊትና ውሃ የምትረጪበት ጠርሙስ ያዢ። ደረቅ ድንጋይ አቧራው ቀለሙን ስለሚሸፍነው ረጨት አድርገሽ ወደ ፀሐይ አዙሪው።

አባትሽ