የአክስቴ ስም፣ ያንቺ ፎቶ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ዓይንሽስ እንዴት ሆነ? ጠብታውን ሳትሰለቺ አድርጊ። እዚህ ጅማ ዝናቡ አላባራ ብሏል፤ አዌቱ ወንዝ ሞልቷል፣ ሰፈሩ ጭቃ ነው። እኛ ግን ደህና ነን።

ጣሪያው ስላፈሰሰ ሳጥንሽን ከግድግዳው ሳርቅ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬትሽን አገኘሁት። ጥግ ጥጉን ብል በልቶታል። ፎቶው አንቺ ነሽ፤ ባለትዳር ሆነሽ ሳለ እንደ ልጃገረድ ሹሩባ ተሠርተሽ፣ ከንፈርሽን ገጥመሽ። ስሙ ግን የአክስቴ ነው።

ታሪኩን አውቀዋለሁ። ያገባች ልጅ አትማርም ተብሎ ከትምህርት ቤት ተባረርሽ። በ15 ዓመትሽ የዳሩሽ ሌሎች፣ የተቀጣሽው አንቺ! ከዚያ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደሽ በታናሽሽ ስም ተመዘገብሽ። ታይፒስት ሆንሽ፣ እኛን አሳደግሽ፣ ጡረታ እስክትወጪ ደሞዝሽን በእሷ ስም ፈረምሽ። ዛሬም የንስሐ አባትሽ ፊት «ሰርቄ ነው የተማርኩት» ትያለሽ።

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ስለ አፍጋኒስታን ተነሣ። ታሊባን እ.ኤ.አ. በ2021 ካቡልን ከያዘ ወዲህ ሴት ልጅ ከ6ኛ ክፍል በላይ እንዳትማር ተከልክላለች። በ2022 ማብቂያ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋባቸው። በየሰው ቤት ተደብቀው የሚማሩ አሉ። አንዷ ተማሪዬ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ታዲያ ሕግ እየጣሱ አይደል?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ።

የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዩ ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1963 ከበርሚንግሃም እስር ቤት በጻፈው ደብዳቤ፣ ፍትሕ የጎደለውን ሕግ የሚጥስ ሰው በአደባባይ ጥሶ ቅጣቱን ይቀበል ይላል። ትልቅ ሐሳብ ነው፤ አስተምረዋለሁም። ግን አንቺ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብተሽ «አግብቻለሁ፣ ሆኖም እማራለሁ» ብትዪ ማን ይሰማሽ ነበር? ወደ ጓዳሽ ትመለሻለሽ፣ አለቀ። ሳይንቲስቷ ማሪ ኩሪም ብትሆን ተደብቃ ተምራለች። በዘመኗ የፖላንዷ ዋርሶ በሩሲያ እጅ ነበረች፣ ሴትም እዚያ ዩኒቨርሲቲ አትገባም። ከቤት ቤት እየዞረ በሚያስተምር የድብቅ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ኋላ በፊዚክስም በኬሚስትሪም ኖቤል ተሸለመች። ስለዚህ ያን ደንብ ስለጣስሽው ንስሐ አትግቢ። እኔ ብሆንም እጥሰው ነበር።

ግን እማዬ፣ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ደብዳቤው ውሸት ይሆናል። አክስቴ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ «አንቺማ ተፈትነሻል» ብለው መለሷት። ደንቡን የጣስሽው አንቺ፣ ዕዳውን የከፈለችው እሷ። ልጅ ነበረች፤ ስሟን ስትወስጂ የጠየቃት የለም። ይህን ለቄሱ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ?

ትናንት ሰርተፊኬቱን ይዤ ሄርማታ ገበያ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ኮረሪማ እየሸጠች ነበር። ሒሳብ እኮ አሁንም በጣቷ ቆጥራ ከካልኩሌተር ትቀድማለች። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ስሟን ቀስ ብላ አነበበችው። «ፎቶው ያምራል» አለች። ደንበኛ መጣ፣ መዘነችለት፣ መልስ ሰጠችው። ከዚያ ወደኔ ሳታይ «እናትሽ ነገሩን አንድም ቀን አንሥታልኝ አታውቅም» አለች።

ሰርተፊኬቱን እሷው ጋ ተውኩት። መልሺልኝም አላልኳት።

ስልኳን ቀይራለች፤ አዲሱን ቁጥር ከወንድሜ ተቀበዪው። ቀን ገበያ ላይ ስለሆነች ማታ ደውዪላት።

ልጅሽ