ልጆቻችንን ለማርሻል አርት ሥልጠና ከማስመዝገባችን በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የክረምቱ የትምህርት ዕረፍት ሲቃረብ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለው መንገድ የቴኳንዶ፣ የካራቴ፣ የውሹና የኪክ ቦክስ ምዝገባ ማስታወቂያ በየአጥሩና በየመብራት ምሰሶው ይለጠፋል። በዚሁ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት በመሆኔ፣ ወላጆች የልጆቻቸውን የዓመት ውጤት ሊቀበሉ በሰኔ መጨረሻ ሲመጡ «ከእነዚህ ሁሉ ለልጄ የትኛው ይሻላል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ደጃፍ ላይ ቆመው በጥቂት ደቂቃ የሚመልሱት አይደለም። የጋዜጦቻችን የስፖርት ገጾች በአብዛኛው በእግር ኳስና በአትሌቲክስ የተያዙ በመሆናቸውም ወላጆች ስለ ጉዳዩ የሚያነቡት እምብዛም አያገኙም፤ ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ ለአንባቢዎቻችሁ ታደርሱልኝ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አስቀድሜ መልሴን ልናገር። የልጅን ሰውነትና ጠባይ የሚቀርጸው በየሳምንቱ ደጋግሞ የሚሠራው ልምምድ እንጂ በማስታወቂያው ላይ የሠፈረው ስም አይደለም። ወላጅ የስልቶቹን ስም ከማወዳደር ይልቅ እያንዳንዱ ስልት ምን መለማመድን እንደሚፈቅድና ምን እንደሚከለክል፣ አሠልጣኙም ልምምዱን እንዴት እንደሚመራው ቢመረምር ይበጀዋል።

ብዙ ሰው ማርሻል አርትን ከጥንት መነኮሳትና ከጦረኞች ታሪክ ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ጁዶንና ካራቴን ዛሬ በምናውቃቸው መልክ ያደራጇቸው ሰዎች ግን መምህራን ነበሩ። ካኖ ጂጎሮ በ1882 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቶኪዮው የኤይሾ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ 12 ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል፣ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ሲከፍት የሃያዎቹን ዕድሜ ገና የጀመረ ወጣት ነበር፤ በኋላም የከተማዋን ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ለብዙ ዓመታት መርቷል። በጃፓኗ የኦኪናዋ ደሴት ደግሞ ኢቶሱ አንኮ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ካራቴን ወደ ትምህርት ቤቶች አስገብቶ ለተማሪዎች የሚመጥኑ አጫጭር የእንቅስቃሴ ቅንብሮችን አዘጋጀ። ከእርሱ የተማረውና ራሱም በመምህርነት የኖረው ፉናኮሺ ጊቺን በ1922 ካራቴን በቶኪዮ ለሕዝብ አሳየ። ይህን የማነሳው በሙያዬ ስለምኮራ ብቻ ሳይሆን፣ እነዚህ ስፖርቶች በሚገባ ሲመሩ የትምህርት ሥራ መሆናቸው እንዳይረሳ ስለምፈልግ ነው።

ካኖ ያመጣው ለውጥ በተለይ ሊስተዋል ይገባዋል። ከእርሱ በፊት የነበሩት፣ ጁጁትሱ የሚባለው የጃፓን የትግል ጥበብ ስልቶች ዓይንን የሚጎዱ ምቶችና መገጣጠሚያ የሚሰብሩ ጥምዘዛዎች ነበሯቸው፤ እነዚህን በሥልጠና ጓደኛ ላይ በሙሉ ጉልበት መሞከር ስለማይቻል፣ አብዛኛው ልምምድ ሁለቱ ሰዎች አስቀድመው በተስማሙበት ቅደም ተከተል ይከናወን ነበር። ካኖ አደገኞቹን ከነጻው ፍልሚያ አውጥቶ በተወሰነ ቅንብር ብቻ እንዲጠኑ አደረገ፤ መጣልንና መሬት ላይ መያዝን ግን ተለማማጆቹ እርስ በርስ እየተቋቋሙ በሙሉ ኃይላቸው እንዲሠሩት ፈቀደ። ይህ ነጻ ልምምድ ራንዶሪ ይባላል። እምቢ በሚል ሰው ላይ ደጋግሞ የተሞከረ ጥቂት ስልት፣ ተባብሮ በሚወድቅ ጓደኛ ላይ ብቻ ከታየ ብዙ ስልት ይልቅ የሚያስተማምነው በዚህ ምክንያት ነው። ወላጅም በሥልጠናው ቦታ ሲገኝ በመጀመሪያ ሊያየው የሚገባ ልጆቹ አየር ሲመቱ ብቻ የሚውሉ መሆናቸውን ወይም በዕድሜና በኪሎ ከሚመጥናቸው፣ ከሚቋቋማቸውም ጓደኛ ጋር በቁጥጥር የሚለማመዱ መሆናቸውን ነው።

ጁዶ ከመጣል አስቀድሞ መውደቅን ያስተምራል። ጀማሪው አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ጀርባውን አጉብጦ፣ ምንጣፉን በክንዱ እየመታ የአወዳደቁን ኃይል በሰፊ የሰውነት ክፍል ላይ ማከፋፈል ይለምዳል። በክረምት ዝናብ ሰባ ደረጃን የወረደ ሰው ይህ ትምህርት ከፍልሚያ ውጪም ምን ያህል እንደሚጠቅም አያጣውም። ነገር ግን ጁዶ ምንጣፍ ይፈልጋል፣ ምንጣፍም ውድ ነው፤ እኔ ያየኋቸው የሠፈር ማሠልጠኛዎች አብዛኞቹ ወለላቸው ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ነው። ቴኳንዶ በከተማችን ከጁዶ ይልቅ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ በማንኛውም ደልዳላ ቦታ ላይ ሊሠራ መቻሉ ነው። ይህ ነውር የለበትም። ነውሩ በሲሚንቶ ላይ መጣልን ማስተማር ነው፤ እንዲህ የሚያደርግ አሠልጣኝ ያየ ወላጅ ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ልጁን ይዞ ቢወጣ ትክክል ነው።

ሁለት ዓይነት ቴኳንዶ መኖሩን ብዙ ወላጅ የሚያውቀው ልጁ ከተመዘገበ በኋላ ነው። ስሙ በ1955 የወጣለት ይህ የኮሪያ ስፖርት በ1966 በተመሠረተው አይ ቲ ኤፍ (ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን) እና በ1973 በተቋቋመው፣ ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ በሚባለው ድርጅት ሥር ለየብቻ አድጓል። በ2000 በሲድኒ ሙሉ የኦሊምፒክ ውድድር የሆነውና በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰሎሞን ቱፋ አገራችንን የወከለበት የኋለኛው ነው። በዚህኛው ሕግ በቡጢ ደረትን መምታት 1 ነጥብ፣ በእርግጫ ደረትን መምታት 2፣ ጭንቅላትን መምታት 3 ነጥብ ያስገኛል፤ ተዟዙሮ የተመታ እርግጫ ደግሞ ደረት ላይ 4፣ ጭንቅላት ላይ 5 ነጥብ ያሰጣል። ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው። በአይ ቲ ኤፍ ግን ኃይልን በመጠኑ እየተቆጣጠሩ በእጅም ወደ ፊት መሰንዘር ይፈቀዳል፤ ተማሪውም 24 የተወሰኑ የእንቅስቃሴ ቅንብሮችን በየደረጃው ያጠናል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የውድድር ሕግ የተለማማጁን አቋቋም ሳይቀር እንደሚሠራው ለማሳየት ነው። ፊቱ በቡጢ በማይመታበት ሕግ ለዓመታት የለመደ ልጅ እጁን ዝቅ አድርጎ መቆምን ይለምዳል፤ እግሩ ግን ሌላው ስፖርተኛ የማይደርስበት ፍጥነትና ርቀት ያገኛል። በጁዶም በ2010 እና በ2013 በተደረጉት የሕግ ለውጦች እግርን በእጅ ይዞ መጣል ከውድድር ሲወጣ፣ ለውድድር የሚዘጋጁ ሰዎች ለዚያ ስልት የሚሰጡት ጊዜ ቀነሰ። እያንዳንዱ ስልት አንድ ነገር ለማበርታት ሲል ሌላውን ይተዋል፤ ሁሉን ያሟላ ስልት አለኝ የሚል ማስታወቂያ ሊያሳስበን ይገባል።

በካራቴ ውስጥ ሾቶካን፣ ጎጁ፣ ሺቶ እና ዋዶ የሚባሉት ዋና ዋና ስልቶች በአቋቋምና በአተነፋፈስ ቢለያዩም ሥልጠናቸው በሦስት ነገር ላይ ይቆማል፤ እነርሱም መሠረታዊ እንቅስቃሴ፣ ካታ የሚባለው ቅንብርና ከጓደኛ ጋር የሚደረገው ፍልሚያ ናቸው። ወላጆች ካታን «ልጄ ብቻውን ሲጨፍር ይውላል» ብለው ሲያጣጥሉት እሰማለሁ፤ በዚህ አልስማማም። ልጅ ረጅም ቅደም ተከተል በቃሉ ይዞ፣ ሚዛኑን ጠብቆ፣ ሳይቸኩል እስከ መጨረሻው መሥራትን የሚማርበት መንገድ እንደ ካታ ያለ ብዙ አይገኝም፣ በክፍል ውስጥ መረጋጋት የሚያቅታቸው ተማሪዎች በዚህ ሲታገዙ አይቻለሁ። ካታ ብቻውን ግን ፍልሚያ አያስተምርም። በፍልሚያውም ቢሆን ለልጆች ምቱ ከዒላማው ሳይደርስ የሚቆምበት፣ ቁጥጥርን የሚያስለምደው ልምምድ የተሻለ ይመስለኛል፤ ኪዮኩሺን በሚባለው የካራቴ ስልት ያለው ሙሉ ንክኪ ለአዋቂዎች ይቆይ።

ስለ ውሹ ባጭሩ ለመናገር፣ ታኦሉ በሚባለው የቅንብር ውድድሩ ዝላይና ቅልጥፍና፣ ሳንዳ በሚባለው ፍልሚያው ደግሞ ምትንና መጣልን አጣምሮ ያስተምራል፤ ሁለቱ ለየቅል ስለሆኑ ምዝገባው ለየትኛው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቦክስና የታይላንዱ ሙዋይ ታይ ለብርታትና ለትንፋሽ የሚሰጡት ጥቅም የማይካድ ነው፤ የእግር አነሣሥ፣ የገመድ ዝላይና የከረጢት ምት ልጅን አይጎዱም። ጭንቅላትን ዒላማ ያደረገ ፍልሚያ ግን ለሚያድግ አንጎል አይገባም፣ በዚህ ላይ ለማግባባት አልሞክርም። የራስ መከላከያ መልበስም መጫጫርንና መሰንጠቅን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ እንዳይናወጥ አያግድም። ራሱን ተመትቶ የዞረበት፣ ያቅለሸለሸው ወይም የተናገረውን የዘነጋ ልጅ በዚያ ቀን ወደ ልምምድ መመለስ የለበትም፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ከስልት ስልት የማይለያይ፣ ሁሉም አሠልጣኝ ሊጠብቀው የሚገባ መርሕም አለ። ሰውነት የሚጠነክረው ጫናው ቀስ በቀስ ሲጨምርና በመካከሉ በቂ ዕረፍት ሲያገኝ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከቆላ ለክረምት የመጣ የዘመድ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከከተማው ልጆች እኩል እንዲሮጥ መገደድ አይኖርበትም። ሰውነትን ማሳሳብ የሚከናወነው ከተሟሟቁ በኋላ ነው፤ እግሩ እንዲከፈት ተብሎ የልጅ ጀርባና ጭን ላይ በጉልበት መጫን፣ አልፎም መቆም፣ ጡንቻና የጭን መገጣጠሚያ ይጎዳል። ጭን የሚከፈተው በወራት ትዕግሥት ነው። ለውድድር ኪሎ ይቀንስ ተብሎ ልጅን ውኃ መከልከልም እንዲሁ ጎጂ ነው። በአንድ ወቅት አንዲት ተማሪዬ ከማሠልጠኛ መጥታ ስላረፈደች በዱላ እንደቀጧት ስትነግረኝ የተሰማኝን ኀዘን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ቅጣት በፑሽ አፕና በቁጭ ብድግ ከተወሰነ ብዙ ነው፣ ከዚያ ካለፈ ሥልጠና አይባልም።

ስለ ቀበቶም ጥቂት ልበል። ካኖ በ1883 ዳን የሚባሉትን የላቁ ተማሪዎች ማዕረጎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ዛሬ የምናያቸው ቢጫው፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ቀበቶ አልነበሩም፤ የቀለሞቹ ደረጃ በአውሮፓ የተስፋፋው በ1930ዎቹ በፓሪስ ያስተምር በነበረው ካዋይሺ ሚኪኖሱኬ ዘመን ነው። ቀለሙ ልጅን ያበረታታል፣ ይህን አልጠላውም። ሆኖም የወርልድ ቴኳንዶን ማዕረግ የሚሰጠው በሴኡል የሚገኘው ኩኪዎን ከ15 ዓመት በታች ላለ ልጅ ዳን ሳይሆን ፑም የሚባል የልጆች ማዕረግ እንደሚሰጥ ወላጆች ቢያውቁ መልካም ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የአሥር ዓመት ልጅ ጥቁር ቀበቶ እንደሚታጠቅ ቃል የሚገባ ማስታወቂያ የሚሸጠው ቀበቶውን ነው።

ብዙ ወላጅ ልጁን የሚያስመዘግበው ከማጅራት መቺ እንዲያመልጥ ነው። በምሽት ከፒያሳ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ልጆች ላሉን ሰዎች ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ስለት የያዘን ሰው በባዶ እጅ ማስጣልን ለልጅ የሚያስተምር ሰው ልጁን ለአደጋ ያጋልጠዋል። ያለውን ሰጥቶ መሸሽ፣ ጮኾ ሰው መጥራት፣ ብርሃን ወዳለበትና ሱቅ ወዳልተዘጋበት መሮጥ በሥልጠናው ውስጥ በግልጽ መሰጠት አለበት። ፉናኮሺ በካራቴ ቀድሞ መምታት የለም ብሎ ያስተማረው ለጌጥ አይደለም። ሴቶች ልጆችንም በተመለከተ፣ የሴቶች ጁዶ ከ1992 ጀምሮ የኦሊምፒክ ውድድር ሆኖ ሳለ በሠፈራችን ምዝገባው አሁንም በአብዛኛው የወንዶች ልጆች መሆኑ ያሳዝነኛል፤ መያዝንና ከመያዝ መላቀቅን የሚያስተምር ስፖርት ከማንም በፊት ለእነርሱ ይገባ ነበር።

በመጨረሻም ሁለት ልመና አለኝ። አንደኛው ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ነው፦ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ባሉት እትሞቻችሁ የየፌዴሬሽኑ ባለሙያዎችና የስፖርት ሐኪሞች ለወላጆች ጥያቄ መልስ የሚሰጡበት ጥቂት ቦታ በስፖርት ገጻችሁ ቢሰጥ። ሁለተኛው በአራዳና በአካባቢዋ ለምታሠለጥኑ ወንድሞችና እኅቶች ነው፦ ወላጅ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አንድ ሙሉ የሥልጠና ክፍለ ጊዜ ተቀምጦ እንዲያይ በራችሁን ክፈቱ፣ ከምዝገባ በኋላም ሳይነግራችሁ ቢመጣ እንዲገባ ፍቀዱለት።

ከአክብሮት ጋር፤
የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት፣ ከአራት ኪሎ