ከስቶክሆልም ለአባቴ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? የቀዶ ሕክምናዎ ቀጠሮ ለኅዳር 12 መያዙን እህቴ ከነገረችኝ ጀምሮ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በስልክ ሲሆን እርስዎ ስለ ልጆቹ ይጠይቁኛል፣ እኔም ስለ ልጆቹ እመልስልዎታለሁ፤ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን ብዬ፣ ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ስለሆነው ሰው ልጽፍልዎት ተቀምጫለሁ።

ስሙ ዮሴፍ ማርቲን ክራውስ ይባላል፤ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። ያወቅሁት በሥራዬ ላይ ነው። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አንድ ሽማግሌ ማታ ማታ አንድ ሲዲ እንድከፍትላቸው ይጠይቁኝ ነበር፤ በ1783 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ፣ ሲምፎኒ የሚሉት፣ ብዙ መሣሪያዎች አብረው የሚጫወቱት ረጅም ሙዚቃ ነው። ሲጀምር ዝግ ብሎ ነው፤ አንዱ ድምፅ ሳይለቅ ሌላው ይደረብበትና ሁለቱ ተፋጠው ይቆያሉ፣ ጆሮም እስኪላቀቁ ድረስ ትንፋሹን ይይዛል። የመጀመሪያው ማታ ክኒናቸውን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ያህል የሚያምር ነገር እንዴት ሳይሰማ ኖረ ብዬ ተቆጨሁ።

ክራውስ የተወለደው በ1756 በጀርመን አገር፣ ሚልተንበርግ በምትባል ከተማ ነው፤ ሞዛርት በተወለደበት ዓመት ማለት ነው። ቤተሰቡ ሕግ እንዲያጠና ፈለገ፣ እሱም በማይንትዝ፣ በኤርፉርትና በገቲንገን ሕግ ተማረ። በኋላ አንድ ስዊድናዊ የትምህርት ጓደኛው በስዊድኑ ንጉሥ በጉስታቭ 3ኛ ቤተ መንግሥት ሥራ ታገኛለህ ቢለው፣ በ1778 ወደ ስቶክሆልም መጣ። ሦስት ዓመት ያህል ተቸገረ። ከዚያ ንጉሡ ወደደው፣ በቤተ መንግሥቱ ሾመው፣ ሙዚቃ አይቶ እንዲመለስም ለዓመታት በአውሮፓ አዞረው፤ የዘመኑ ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ ሃይድን እንኳ ሊቅነቱን መስክሮለታል። ነገር ግን በ1792 መጋቢት ንጉሡ ጭምብል በሚደረግበት ጭፈራ ላይ ተተኩሶበት ሞተ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ክራውስም በሳንባ ነቀርሳ በ36 ዓመቱ ተከተለው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። ሲምፎኒዎቹን እኔ የሰማኋቸው የስዊድን ቻምበር ኦርኬስትራ በፔተር ሱንድክቪስት መሪነት በቀረጻቸው ሲዲዎች ነው።

ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ከዚህ ከተማ ለወላጆቹ ይጽፍ የነበረው ደብዳቤ ተጠብቆ መቆየቱ ነው። አባዬ፣ እኔም ሕግ ተምሬልዎታለሁ። «ከእኔ ቤት አዝማሪ አይወጣም» ብለው ክራሬን ለጎረቤት የሰጡ ዕለት አላለቀስኩም፤ ሚስማሩ ግን ግድግዳው ላይ ቀርቶ ስለነበር በወጣሁ በገባሁ ቁጥር አየው ነበር። ለእኔ አስበው እንዳደረጉት አውቃለሁ፤ ያስተማሩኝም ከጉሮሮዎ ነጥቀው ነው። ቢሆንም እስከ ዛሬ ያመኛል። ይህን ሳልነግርዎት ቀጠሮው እንዲደርስ አልፈለግሁም።

ክራውስ ለንጉሡ ለቅሶ የጻፈው ሲምፎኒ የሚጀምረው በታፈነ የከበሮ ምት ነው፤ ሲመታ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይመታል። አራቱም ክፍሎች ዝግ ያሉ ናቸው፣ አንድም የሚፈጥን የለበትም። እሱን ስሰማ የእማዬ ቀብር ይመጣብኛል፤ ያላየሁት፣ እህቴ በስልክ ያሰማችኝ። ያን ጊዜ የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም፣ እርስዎም ያውቃሉ። አሁን ግን ወረቀት አለኝ።

ባለፈው እሑድ ወደ ክራውስ መቃብር ሄድኩ። በብሩንስቪከን ሐይቅ ዳር፣ በዛፎች መካከል ነው። በክረምት ሞቶ ስለነበር ሬሳውን በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ በችቦ ብርሃን አሻግረው ነው የቀበሩት። ሐውልቱ ላይ «የክራውስ ምድራዊው እዚህ አለ፤ ሰማያዊው በዜማዎቹ ይኖራል» የሚል ተቀርጿል። ትልቁ ልጄ በጣቱ ፊደሎቹን እየተከተለ አነበበልኝ።

ስለ ልጆቹ ሲጠይቁኝ አንድ ነገር ደብቄዎት ኖሬያለሁ። ይህ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ቫዮሊን ሲማር ነበር። እንዳይቆጡ ፈርቼ ነው። ከክራውስ ሲምፎኒ ውስጥ አንዲት ዜማ አውጥቶ ለብቻው ይጫወታል፤ መሐል ላይ ይሳሳትና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የደም ማቅጠኛውን መድኃኒት ከቀዶ ሕክምናው ስንት ቀን በፊት ማቆም እንዳለብዎት ሐኪሙን ይጠይቁ፤ እህቴም ትጻፈው። ማታ ብቻዎን አይደሩ፤ የግቢውን በር ዘበኛው ይክፈት እንጂ እርስዎ በጨለማ ደረጃውን አይውረዱ።

ቲኬት ቆርጫለሁ፣ ኅዳር 8 እንገባለን። ቫዮሊኑን ልጁ ራሱ ይይዘዋል። አባዬ፣ ቁጭ ብለው ይስሙት።

ልጅዎ