ኦቨኑን አልከፈትኩትም

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ አባዬ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ቼክ አገር፣ ብርኖ ከተማ ላይ፣ ሰኔ ሲገባ ቼሪው እንዴት እንደሚቀላ ታውቃለህ፤ አማቴ ግቢ ያለው ዛፍ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ነው የያዘው። የልጅ ልጅህ መሰላል ላይ ወጥቶ ይለቅማል፤ ግማሹን እዚያው በልቶ ዘሩን ቁልቁል ይተፋዋል። የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። ለክፍል ጓደኞቹ "የእኔ ዴዳ፣ አያቴ፣ አዲስ አበባ ሆኖ ቼክኛ ይናገራል" ቢላቸው አላመኑትም አሉ፤ በስልክ እንድታናግራቸው ይፈልጋል። "ዶብሪ ዴን" ብለህ ሰላም ካልካቸው ይበቃዋል።

ቅዳሜ ዕለት ከአማቴ ጋር ቡብላኒና፣ ያንን ፍራፍሬ የሚደረደርበትን ኬክ፣ ጋገርን። ልኩ አንተ ደብተርህ ላይ የጻፍከው ነው፤ ያ ላቤ የሚባለው ወንዝ ዳር፣ ፖዲየብራዲ ከተማ ቋንቋ ስትማር የያዝከው ደብተር፤ 4 እንቁላል፣ 200 ግራም ስኳር፣ 250 ግራም ዱቄት፣ ዘይቱም ወተቱም መቶ መቶ ሚሊ ሊትር። ዱቄቱን ግን እዚህ በሦስት ዓይነት ነው የሚሸጡት፤ ልሙ፣ ከፊል ሸካራውና ሸካራው። አማቴ ለሊጡ ከፊል ሸካራውን ይወስዳሉ፤ ሸካራውን ቅቤ በተቀባው ትሪ ላይ ይነሰንሱታል። አንተ የነበረህ ፉርኖ ዱቄት ብቻ ነው። ቼሪም ስላልነበረህ ኮክ ትከትፍበት ነበር፤ እኔ እስከዛሬ የኮኩን እመርጣለሁ። እሳቸው ቼሪውን ከነዘሩ ነው የሚደረድሩት፤ ዘሩ ከወጣ ጭማቂው ሊጡን ያረጥበዋል ይላሉ፤ የሚበላ ሰው ጥርሱን ይጠንቀቅ።

ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው? ያልተከፈተውን ማለቴ ነው። መብራት ብዙ ሰዓት ሲጠፋ ሠራተኛዋ በሩን ቶሎ ቶሎ እንዳትከፍተው ንገራት። በረዶ ቤት ውስጥ ደግሞ እንዳታስገባው፤ ከቀዘቀዘ አይሠራም።

ነጩን አስኳሉን ለይተው አንተ እንደምትመታው ነው የሚመቱት። አንተ ነጩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሳህኑን አናቴ ላይ ትገለብጠው ነበር፤ ጠብ አይልም። እማዬ "ኧረ ልጄን!" ስትል ትስቅ ነበር። ያንን ሳስታውስ እወድሃለሁ። 180 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆየ። ሊጡ በቼሪዎቹ መሀል እየተነፋ ወጥቶ ግማሾቹን ዋጣቸው። ስቴኪኒ ሲወጋ ደረቅ ሆኖ ወጣ፤ ከላይ የተፈጨ ስኳር ነሰነስንበት።

መሀሉ አልሰመጠም አባዬ። ኬኩ ገና ሳይበስል ልጁ የኦቨኑን በር ከፍቶ አጮልቆ ነበር፤ ግን አልሰመጠም።

ያንተ መሀሉ በወረደ ቁጥር "ኦቨኑን ማን ከፈተው?" ትላለህ፤ ዓይንህ እኔ ላይ ነው። በተለይ የዚያ እሁድ። አብረውህ ቼኮስሎቫኪያ የተማሩት ጓደኞችህ ከነሚስቶቻቸው መጥተው፣ "ይቺ ልጅ እጇ አያርፍም፤ አበላሸችብኝ" ብለህ ሰው ፊት አቆምከኝ። "አልከፈትኩም" ብልህ "ውሸት ደግሞ ተጨመረበት" አልክ። ማታ እማዬ "ይቅርታ ጠይቂውና ይለፍ" ብላ ለመነችኝ። ላላደረግኩት ነገር ይቅርታ ጠየቅኩህ፤ አንተም "ይሁን" ብለህ ጋዜጣህን ገለጥክ። ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ እዚህ ያደረስከኝም አንተ ነህ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ያቺ እሁድ ግን ከሆዴ አልወጣችም።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። ብርኖ ከባሕር ወለል ከ200 ሜትር ብዙም አትርቅም፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ ያለው አረፋ ቶሎ ይለጠጣል፤ ዱቄቱ በስሎ ሳይጠነክር ይፈነዳና መሀሉ ይወርዳል። ቤኪንግ ፓውደሩን እስከ ግማሽ መቀነስ፣ ስኳሩንም ትንሽ መቀነስ፣ ዱቄት አንድ ሁለት ማንኪያ መጨመር ነበረበት። ነጩም ያን ያህል መድረቅ አልነበረበትም፤ ለስለስ ብሎ ሳለ ነበር የሚተወው። የቼኮቹን አሠራር እንዳለ አዲስ አበባ ላይ ሠራኸው። ማንም በር አልከፈተም።

አሁንም እንደዚያው ስለሆንክብኝ ነው ይህን የማነሳው። የእግር ጣትህን ቁስል "ጫማ ነው የላጠኝ" ካልክ በቃ፣ አለቀ። ወንድም ጋሼ ፎቶውን ልኮልኛል፤ እንዳትቆጣው፣ እኔ ነኝ የለመንኩት። ጫማ የላጠው እንዲህ አይጠቁርም። "አያመኝም እኮ" ትላለህ፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ስኳር በሽታ ነርቭ ያደነዝዛል፤ ቁስሉ እየባሰም ላይሰማህ ይችላል። ደም እንደልቡ ስለማይደርሰው በቅባት አይድንም። ሐኪሙ ይቆረጥ ያለው አንዲት ጣት ነው አባዬ። ጣቷን ከከለከልካቸው በሚቀጥለው ስለ እግርህ ነው የሚያነጋግሩህ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጽፈውም።

ጸበሉን ተጠመቅ፣ አልከለክልህም፤ ቁስሉ ግን እርጥብ እንዳይቆይ በደንብ አድርቀው። ክረምቱ ገብቷል፤ በባዶ እግርህ ግቢ አትውረድ። ክፍት ጫማህን ተውና ያንን ሰፊውን አድርግ፤ ከማድረግህ በፊትም ውስጡን በእጅህ ዳብሰው፣ ጠጠር ቢኖር አይሰማህም።

ሰኞ ጠዋት ወንድም ጋሼ ሆስፒታል ሊወስድህ ይመጣል። የመድኃኒቶችህን ስም የጻፍኩልህን ወረቀት ይዘህ ሂድ። እኔ ትኬት ቆርጫለሁ፤ ልጁም አብሮኝ ይመጣል። እስክመጣ አትጠብቀኝ፣ እኔ ሳልደርስ ይደረግ። ስለዚያች እሁድ ደግሞ ስመጣ ከአንተ አፍ አንድ ነገር መስማት እፈልጋለሁ፤ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነህም ቢሆን።

ለወንድም ጋሼ "እሺ" በለው፤ ዛሬውኑ ይደውልልኝ።

ልጅህ፣
ከብርኖ