ያለ አጃቢ የሚደረገውን ውድድር ከሌላው ለዩልን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በስፖርት ገጻችሁ ታዋቂ ብስክሌተኞች ወደ ኮረኮንች መንገድና ወደ እጅግ ረጅም ርቀት ውድድር ስለ መጉረፋቸው ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በአማርኛ ስለ ብስክሌት የሚጻፍ ነገር ብርቅ በሆነበት ጊዜ ለጉዳዩ ሙሉ ገጽ መስጠታችሁ ያስመሰግናችኋል። ሆኖም ጸሐፊው ይህን መስክ «የጡረታ ሜዳ» ብለው ማለፋቸው አልተዋጠልኝም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ረዳት ቡድን የሚከተለውን፣ በተወሰኑ ጣቢያዎች ላይ ብቻ እርዳታ የሚፈቀድበትንና ጋላቢው ከወዳጅም ከዘመድም ምንም የማይቀበልበትን ውድድር ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቀው ማቅረባቸው ነው።

ጽሑፉ አውስትራሊያዊው ፕሮፌሽናል ብስክሌተኛ ላክላን ሞርተን አገሩን «ያለ አንዳች ረዳት» እንደ ዞረ ይናገራል። ሞርተን እ.ኤ.አ. በ2024 አውስትራሊያን ዙሪያዋን 14,210 ኪሎ ሜትር በ30 ቀን ከ9 ሰዓት ከ59 ደቂቃ መጋለቡና የቀድሞውን ክብረ ወሰን ከሰባት ቀን በላይ ማሻሻሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ የሚያበላው፣ የሚያሳድረውና ብስክሌቱን የሚጠግንለት ቡድን በመኪና ይከተለው ነበር። ይህ ክብሩን አይቀንስበትም። ረዳት ያልነበረው በሌላ ጉዞው ነው፤ እሱም ጸሐፊው በአንዲት ሐረግ ብቻ ያለፉት የ2021 ዙር ነው። በዚያ ዓመት ፈረንሳይን የሚዞረው ታላቁ ውድድር፣ የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎች ከብሬስት በተነሡበት ቀን እሱም ከኋላቸው ተነሣ። እነሱ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በአውቶቡስና በአውሮፕላን የሚሻገሩትን ሁሉ ሳይቀር በብስክሌት እየሄደ፣ ዕቃውን በብስክሌቱ ጭኖ፣ ሜዳ ላይ እያደረ፣ 5,510 ኪሎ ሜትር በ18 ቀን ጨረሰና ፓሪስ ከነሱ አምስት ቀን ቀድሞ ገባ። በመንገድ ላይ ጉልበቱ ሲያስቸግረው የውድድር ጫማውን ትቶ በተራ ፔዳልና በክፍት ሰንደል ቀጠለ። በዓለም ትልቁ የብስክሌት መድረክ ላይ የሚጋልብ ቡድን አባል በሰንደል ጫማ ተራራ ሲወጣ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ አይቶ ይህን ጡረታ የሚለው ሰው፣ ጡረታን እንዴት እንደሚያስበው ልረዳው አልቻልሁም።

ያለ አጃቢ የሚደረገው ውድድር ደንብ በሁለት ነገር ላይ የቆመ ነው። ሰዓቱ አይቆምም፤ የተኛህበትም፣ የበላህበትም፣ ሱቅ እስኪከፈት በር ላይ የጠበቅህበትም ሁሉ ይቆጠርብሃል። በመንገድህ ላይ መጠቀም የምትችለው ደግሞ ለማንኛውም መንገደኛ ክፍት በሆነ ነገር ብቻ ነው። ከካናዳዋ ባንፍ ተነሥቶ በአሜሪካ ተራሮች በኩል እስከ ሜክሲኮ ድንበር፣ እስከ አንቴሎፕ ዌልስ ድረስ 4,300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጋለብበት ቱር ዲቫይድ የዚህ ሁሉ አባት ሲሆን፣ የመመዝገቢያ ክፍያም የገንዘብ ሽልማትም የለውም።

ይህን ደንብ ለማስረዳት ከራሴ ገጠመኝ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። በክለብ እጋልብ በነበረበት ዘመን አንድ ቀን ብቻዬን ለልምምድ ወጥቼ ከአለልቱ አለፍ እንዳልሁ የኋላ ጎማዬ ተበሳ። ይዤ የወጣሁት ማስቲሽ ከነቱቦው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ብስክሌቴን እየገፋሁ ወደ ከተማዋ ተመለስሁና የአይሱዙ ጎማ ይፈታ የነበረ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ደረስሁ። ሰውየው ቀጭኗን የውስጥ ጎማዬን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ሳቀ። ከዚያም ከአሮጌ የመኪና ጎማ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ክብ በመቀስ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ እፍ እፍ ብሎ አድርቆ ከለጠፋት በኋላ በመዶሻው እጀታ ደቆሳት። ሁለት ብር ከፈልሁት። ያቺ ልጥፍ ብስክሌቱን እስክሸጠው ድረስ አልለቀቀችም። በቱር ዲቫይድ ደንብ ቢመዘን ይህ ሁሉ የተፈቀደ ነው፤ ጎሚስታው ለኔም ለአይሱዙውም እኩል ክፍት ነበርና። ወንድሜ ከአዲስ አበባ አዲስ ጎማ በመኪና ቢያመጣልኝ ኖሮ ግን ከውድድር ውጪ እሆን ነበር። ልዩነቱ ይህን ያህል ቀላል ነው፣ ጽሑፋችሁ ግን አልነካውም።

ነገሩ አዲስ ፈሊጥም አይደለም። በመጀመሪያዎቹ የቱር ደ ፍራንስ ዓመታት ተወዳዳሪው ብስክሌቱን ራሱ የመጠገን ግዴታ ነበረበት። በ1913 ፈረንሳዊው ዩዤን ክሪስቶፍ ከቱርማሌ ተራራ ሲወርድ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ተሰበረበት። ብስክሌቱን ተሸክሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወርዶ ሳንት ማሪ ደ ካምፓን ከምትባል መንደር ሲደርስ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ቤት ገባ። ዳኞች ቆመው እያዩት እሳቱን አንድዶ፣ ብረቱን አግሎ፣ ሹካውን በገዛ እጁ በየደው፤ ሥራው ሰዓታት ፈጀ። ሁለት እጁ በብረቱ ስለ ተያዘ ወናፉን አንድ ትንሽ ልጅ ነፋለት። ለዚህች የልጅ እርዳታ አሥር ደቂቃ ቅጣት ተጣለበት፣ ኋላም ወደ ሦስት ደቂቃ ዝቅ ተደረገለት። በልጅነቱ ወናፍ ሲነፋ ያየ አገሬ ሰው ይህን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም፤ እኔም ስቄአለሁ። ክሪስቶፍ ያን ዓመት ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ።

«ጡረታ» የሚለው ቃል ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ በኤምፖሪያ ከተማ በሚካሄደው 320 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን አንባውንድ የተባለ የኮረኮንች ውድድር በ2021 አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ኢያን ቦስዌልና ሎረንስ ተን ዳም ሁለቱም ከአስፋልቱ ዓለም ጡረታ የወጡ ነበሩ። ነገር ግን በ2024 ቤልጅየም ውስጥ ሉቨን ላይ በወንዶችና በሴቶች የኮረኮንች የዓለም ሻምፒዮን የሆኑት ማትዩ ቫን ደር ፖልና ማሪያን ቮስ ያን ጊዜ በአስፋልቱ ውድድር ግንባር ቀደም ነበሩ። በአንባውንድም በዚህ የዓለም ሻምፒዮናም እርዳታ የሚፈቀድባቸው ጣቢያዎች ስላሉ፣ ፈተናቸው ከቱር ዲቫይድ ፈተና የተለየ መሆኑን ግን አሁንም ማሳሰብ እወዳለሁ።

ፕሮፌሽናሎቹ ወደዚህ ሲመጡ የሚያሰጋኝ ዕድሜያቸው አይደለም፣ ይዘውት የሚመጡት ጓዝ እንጂ። እዚህ ላይ የማደንቀውን ሞርተንን እንኳ አልምረውም። በ2023 ከሌሎቹ መነሻ ቀን ውጪ ለብቻው ተነሥቶ የቱር ዲቫይድን መንገድ በ12 ቀን ከ12 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ጨረሰ። ይህም እንግሊዛዊው ማይክ ሆል በ2016 ካስመዘገበው 13 ቀን ከ22 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ከአንድ ቀን በላይ ያነሰ ነው። ነገር ግን ጉዞውን የሚቀርጽ የፊልም ቡድን ስለ ነበረ ይቆጠርለት አይቆጠርለት የሚል ክርክር ተነሣ። ካሜራ ያነሣው ሰው አንዲት ጠብታ ውኃ ባያቀብለው እንኳ፣ በሞንታና ጫካ ድብ በሚዞርበት ሌሊት የሚያውቀው መኪና በአቅራቢያው እንዳለ እያወቀ የሚተኛ ሰውና ማንም እንደሌለው እያወቀ የሚተኛ ሰው እኩል አይተኙም። ስለዚህ አይቆጠርም ካሉት ወገን ነኝ። ሆል ራሱ በ2017 አውስትራሊያን ከዳር እስከ ዳር በሚያቋርጥ መሰል ውድድር ላይ ሳለ በመኪና ተገጭቶ ሞተ። ትራንስኮንቲኔንታል የተባለውን፣ አውሮፓን የሚያቋርጠውን ውድድር በ2013 የመሠረተው እሱ ነበር።

በዚሁ በትራንስኮንቲኔንታል ላይ በ2019 የሆነውን ጽሑፋችሁ አለማንሣቱ አስቆጭቶኛል። ከቡልጋሪያዋ ቡርጋስ እስከ ፈረንሳይዋ ብሬስት 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሸፍነው በዚያ ዙር፣ በካንሰር ምርምር ላይ የተሠማራች ፊዮና ኮልቢንገር የምትባል የ24 ዓመት ጀርመናዊት፣ እንዲህ ባለ ርቀት ስትወዳደር የመጀመሪያዋ ሆኖ ሳለ፣ ወንዶቹን ሁሉ ቀድማ በ10 ቀን ከ2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ገባች። ደመወዝ የሚከፍላት ቡድን አልነበራትም። ሰዓቱ በማይቆምበት ውድድር እንቅልፍን፣ ሆድንና መንገድን ማስተዳደር የእግርን ጉልበት ያህል ይመዝናል፤ ፕሮፌሽናሉ ደግሞ በሥራ ዘመኑ ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ሌላ ሰው ሲያስተዳድርለት የኖረ ነው።

ጸሐፊው «ይህ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው» ብለው ላነሡት ጥያቄ አጭር መልስ አለኝ። በኬንያ በማሳይ ማራ ዙሪያ ማይግሬሽን ግራቭል የተባለ 650 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ውድድር ከ2021 ጀምሮ ይካሄዳል፤ ቪዛ አላገኝ ብሎ የሚቀረው የምሥራቅ አፍሪካ ብስክሌተኛ በገዛ ምድሩ ከውጭ ከመጣ ፕሮፌሽናል ጋር ትከሻ የሚለካካበት ነው። ቲም አማኒ የተባለው የምሥራቅ አፍሪካ ብስክሌተኞች ቡድን መሪ የነበረው ኬንያዊው ሱለይማን ካንጋንጊ በነሐሴ 2022 አሜሪካ ቨርሞንት ውስጥ በኮረኮንች ውድድር ላይ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ፤ ቡድኑ ግን አልተበተነም። እኛ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ፅጋቡ ግርማይን አይተናል። እንዲህ ያለው ውድድር የሚፈልገውን መንገድ በተመለከተ ግን የአገራችንን ኮረኮንች ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያሻውም።

የዘንድሮው ቱር ዲቫይድ በሰኔ መጀመሪያ ይነሣል። ተወዳዳሪዎቹ የሳተላይት መከታተያ ስለሚይዙ ማንም ሰው በስልኩ ካርታ ላይ እያንዳንዳቸውን እንደ ነጥብ ሲንቀሳቀሱ ማየት ይችላል። ጸሐፊው ቢፈቅዱ፣ ነጥቦቹን አብረን እየተከታተልን ማን በየትኛው ደንብ እንደሚጋልብ ለገጻችሁ ማስታወሻ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የክለብ ብስክሌተኛ
አዲስ አበባ